የዕድሩን ጥሩምባ በራስ እጅ መያዝ፦ ያልተማከለ የመልእክት ሰርቨር ለባሕር ዳር ሰፈሮች

በሽምብጥም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ዕድርተኛ ሲያርፍ ለቀስተኛውን የሚጠራው ጥሩምባ ነፊ ነበር። ጥሩምባው የዕድሩ ንብረት፣ ነፊው የዕድሩ ተቀጣሪ፣ ማን ሊጠራ እንደሚገባው የሚያሳየው መዝገብም በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ያለ ነበር። ዛሬ ይህ ጥሪ በአብዛኛው ወደ ስልክ ግሩፕ ተዛውሯል፤ ግሩፑ ግን የዕድሩ አይደለም። የአባላቱ ዝርዝር፣ የቆዩት መልእክቶች፣ ግሩፑን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በሌላ አገር በሚገኝ ኩባንያ ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቱን ተቀብሎ በሚያስቀምጥና በሚያሠራጭ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ በእኛ በኩል ደግሞ ነገሩ ሁሉ ግሩፑን በፈጠረው አንድ ሰው የስልክ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የእኛ ዕድር ይህን ያወቀው በችግር ነው። ግሩፑን የፈጠረልን ወጣት ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሲም ካርዱን ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀምበት በመቅረቱ ቁጥሩ ተዘጋ፤ ጥቂት ቆይቶም አካውንቱ ተሰረዘ። በግሩፑ ውስጥ የቀረነው አባላት አዲስ ሰው ማስገባትም ሆነ የማይገባ ማስታወቂያ የሚለጥፈውን ማስወጣት አልቻልንም። ለኩባንያው ያቀረብነው አቤቱታም ማሽን የጻፈው ከሚመስል አንድ አጭር መልስ በቀር ምንም አላስገኘም። ድንኳኑንና ወንበሩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ለማንም እጁን የማይዘረጋ ዕድር፣ አባላቱን ለቀብር ለመጥራት የሰው ደጅ ሲጠና መገኘቱ ከዚያ በኋላ አልዋጥልን አለ። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው የራሳችንን መስመር ለመዘርጋት ስንሞክር የተማርነው ሲሆን፣ ለማኅበር፣ ለዕቁብ ወይም ለሰፈር ቤተ መጻሕፍትም በተመሳሳይ መንገድ ያገለግላል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚሸሹት ምን እንደሆነ ለይተው ማወቅ ይኖርብዎታል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። የመጀመሪያው የኩባንያው መበላሸት፣ መዘጋት ወይም ደንቡን መለወጥ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል በአንድ ጊዜ ከዓለም የጠፉት፣ የሦስቱም ባለቤት አንድ ስለሆነና በጥገና ወቅት የተፈጸመ ስሕተት ወደ ሰርቨሮቹ የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ስለዘጋው ነው። ሁለተኛው ችግር የመስመሩ መቋረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኩባንያዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ወደ እነርሱ የምንደርስበትን መንገድ ያጣነው እኛ ነን። ያልተማከለ አሠራር፣ ማለትም እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ሰርቨር ይዞ ከሌሎች ጋር የሚነጋገርበት፣ ለመጀመሪያው ችግር በቂ መልስ አለው። ለሁለተኛው የሚረዳው ግን ሰርቨሩ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በከፊል። ጀርመን ውስጥ የተቀመጠ የማኅበረሰብ ሰርቨር መስመር በተቋረጠ ዕለት ከትልቁ ኩባንያ ሰርቨር በምንም አይሻልም።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ያልተማከለ አሠራር አዲስ ግኝት አይደለም። ኢሜይል ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ያለው መምህር ጂሜይል ለሚጠቀም ተማሪ የሚጽፈው ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ዓይነት የመልእክት ሥርዓት ስለሚከተሉ እንጂ ባለቤታቸው አንድ ስለሆነ አይደለም። ለፈጣን መልእክት ተመሳሳዩን ያደረገው በ1999 እ.ኤ.አ. ጃበር በሚል ስም ተጀምሮ ዛሬ ኤክስኤምፒፒ የሚባለው ሥርዓት ነው። ለአደባባይ ጽሑፍ ደግሞ ማስቶዶን የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያና መሰሎቹ የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ አለ፤ ይህም የድር ደረጃዎችን በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። በእነዚህ ሥርዓቶች እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብና የራሱ መዝገብ እንዳለው ዕድር ነው፤ የአንዱ ዕድር አባል የሌላውን ዕድር አባል ለቅሶ ለመድረስ ዕድሩን መቀየር አያስፈልገውም። ባለሙያዎቹ ይህን ትስስር ፌዴሬሽን ይሉታል። ቃሉን በዕድር ስብሰባ ላይ ባነሣሁ ቁጥር ውይይቱ ወደ ሌላ ጉዳይ እየዞረ ስለተቸገርሁ፣ እኔ የሰርቨሮች መተሳሰር ማለትን መርጫለሁ።

መተሳሰሩ ግን ለዘለዓለም የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ጎግል ቶክ የተባለው የጎግል የመልእክት አገልግሎት በ2006 እ.ኤ.አ. ለሌሎች የኤክስኤምፒፒ ሰርቨሮች በሩን ከፍቶ ብዙ ሰው ካሰባሰበ በኋላ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካው አገልግሎት በሩን ዘግቶታል። በሌላ ወገን የነበሩት ትናንሽ ሰርቨሮች አልጠፉም፤ ተጠቃሚዎቻቸው ግን ከብዙ ወዳጆቻቸው ጋር ተለያዩ። ስለዚህ የዕድሩ ዋና ሥራ ከትልቅ ሰርቨር ጋር በመተሳሰሩ ላይ እንዳይመሠረት ያድርጉ። ለቅሶ የሚጠራው መስመር በሰፈሩ ሰርቨር ብቻ መቆም የሚችል ሊሆን ይገባል።

በቅድሚያ ስም

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ማሽን በመግዛት ነው። መጀመር ያለበት ግን ዶሜይን ማለትም የድር ስም በመያዝ ነው። ማሽኑ ቢቃጠል በሌላ ይተካል፤ ሰርቨር ያከራየው ድርጅት ቢከስር ወደ ሌላ ይዛወራል፤ ስሙ በእጅዎ እስካለ ድረስ የአባላቱ አድራሻ አይለወጥም። ስሙን ያጣ ማኅበረሰብ ግን ሁሉንም ነገር እንደገና ይጀምራል። በነጥብ ኢቲ የሚያልቁትን ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በብር መክፈል ይቻላል፤ በነጥብ ኦርግ ወይም በነጥብ ኮም ለሚያልቁት ግን በአብዛኛው የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለአንድ ዕድር ቀላል አይደለም። የትኛውንም ቢመርጡ ስሙ የሚመዘገበው በቴክኒሻኑ ሳይሆን በዕድሩ ስም ይሁን፤ የሚታደስበት ቀንም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የኛው ቴክኒሻን የገዛ ወንድሜ ልጅ ነው፤ ይህን ደንብ ያስጸደቅሁት ግን እርሱን በተመለከተ ነው።

ከስም ጋር የተያያዘ አንድ የአማርኛ ችግር አለ። እነዚህ ሰርቨሮች የሚፈልጉትን ገምቶ የሚያመጣ ስልተ ቀመር የላቸውም፤ የጻፉትን ፊደል ብቻ ይፈልጋሉ። ለማሽኑ ዕድርና እድር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ባሕር ዳርና ባህር ዳርም እንዲሁ። ግሩፑን በአንዱ አጻጻፍ ሰይመው አባላቱ በሌላው ቢፈልጉት አያገኙትም። ስለዚህ የግሩፑን ስም አንድ ጊዜ ይወስኑና በመግለጫው ውስጥ ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ደርድረው ያስገቡ። የዶሜይን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ዕድር የሚለው ቃል ራሱ ቢያንስ በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ በስልክ ለአንዲት አዛውንት አንድ ጊዜ ሲነገር የሚያዝ አጭር ስም ይምረጡ።

ማሽኑና መብራቱ

ለመቶ ወይም ለሁለት መቶ ሰው የጽሑፍ መልእክት ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። የእጅ መዳፍ የሚያህለው ራስበሪ ፓይ የተባለ ኮምፒውተር ወይም ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። እንዲያውም ላፕቶፑ ባትሪው ደኅና ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራሱን ስለሚያቆይ ለጀማሪ እርሱን እመርጣለሁ። ራስበሪ ፓይ እንደ ሥራው ጫና ከ3 እስከ 7 ዋት ገደማ ይወስዳል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ባለ 12 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ 240 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ስለሚረዝም 120 ዋት ሰዓቱን ብቻ ይቁጠሩ። 5 ዋት የሚወስድ ማሽን በዚህ አንድ ሙሉ ቀን ይሠራል። ኢንተርኔቱንና ዋይፋዩን የሚያድለው ራውተር ተጨምሮ ፍጆታው 10 ዋት ከደረሰ ግን 12 ሰዓት ብቻ ያቆያል፤ ሰርቨር ያለ ራውተር ለማንም ስለማይደርስ ሁለቱን አብረው ያስሉ።

መልእክቱ የሚቀመጥበትን ነገር በተመለከተ የእኛን ስሕተት አይድገሙ። ራስበሪ ፓይ በተለምዶ በስልክ ሚሞሪ ካርድ ይነሣል፤ እኛም መዝገቡን ሁሉ በዚያው ላይ ትተነው ነበር። መብራት ደጋግሞ በጠፋበት አንድ ሳምንት ካርዱ ተበላሽቶ የሁለት ወር መልእክት ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ በዩኤስቢ በተገናኘ ኤስኤስዲ በተባለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩም ከባትሪው እንጂ በቀጥታ ከግድግዳ አይሰካም። በክረምት ከጣና ላይ ደመናው ሲነሣ መብረቁ ቀልድ ስለማያውቅ፣ የመስመሩን ኬብልና የባትሪውን ቻርጀር ነቅሎ ማደር ለጥበቃው የተሰጠ ቋሚ ሥራ ሆኗል።

በማሽኑ ላይ ዴቢያን ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ይጫኑና ፕሮሶዲ የተባለውን የኤክስኤምፒፒ ሰርቨር ይጨምሩበት። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ሲሆኑ ፕሮሶዲ በጣም አነስተኛ ሚሞሪ የሚበቃው ነው። ማትሪክስ የተባለው ሌላ ሥርዓት መልኩ የሚያምር ቢሆንም የተለመደው ሰርቨሩ ለትንሽ ማሽን ከባድ ስለሆነ አልመረጥነውም። በፕሮሶዲ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ሦስት ነገሮችን በራስዎ ዓይን ያረጋግጡ። ማንም ራሱን እንዳይመዘግብ ምዝገባው ዝግ ይሁን፤ አባል የሚገባው ከጸሐፊው በሚላክለት የግብዣ ማያያዣ ብቻ ነው። ካልታዘዘ በቀር ፕሮሶዲ የቆዩ መልእክቶችን የሚይዘው ለ1 ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ መዝገብ እንዲሆንልዎ ከፈለጉ ጊዜውን ያራዝሙ። ሦስተኛው፣ ስልኮቹ ሰርቨሩ እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጡበት የደኅንነት ሰርተፍኬት ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ሰርተፍኬት በነጻ ይሰጣል፤ ሰርተፍኬቱ ግን የሚያገለግለው ለ90 ቀን ሲሆን የሚታደሰውም በኢንተርኔት ነው። እንደ 2015ቱ ለወራት የሚቆይ መቋረጥ ቢመጣ ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያልፍበታል፤ ስልኮቹም ደህና የሆነውን ሰርቨር አናምንም ይላሉ። ለዚያ ቀን የሚሆን በራስዎ የተፈረመ፣ ዕድሜው የረዘመ ሰርተፍኬት አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ መለያ ቁጥሩንም በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት፤ አባላቱ እርሱን አመሳክረው በስልካቸው ይቀበሉታል።

በሰፈር ውስጥና ከሰፈር ውጭ

አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ ልጅ የአባቱን ዕድር መልእክት እንዲያገኝ ሰርቨሩ ከውጭ መታየት አለበት። በሞባይል ኢንተርኔት የተገናኘ ማሽን ግን የራሱ የሕዝብ አድራሻ የለውም፤ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ወደ እርሱ አይደርስም። መፍትሔው አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ እንደ በር መጠቀም ነው። ዋየርጋርድ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት የሰፈሩ ማሽን ከተከራዩት ሰርቨር ጋር የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል፤ ከውጭ የሚመጣው በበሩ በኩል ያልፋል፤ መዝገቡና የይለፍ ቃሉ ግን ከዕድሩ አዳራሽ አይወጡም። በዕድሩ ዋይፋይ ውስጥ ላሉት ደግሞ ራውተሩ የዶሜይኑን ስም ሲጠየቅ የሰፈሩን ማሽን የውስጥ አድራሻ እንዲመልስ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ኢንተርኔት ቢቋረጥ ውጭ ያሉት ይቋረጣሉ እንጂ ግቢ ውስጥ ያሉት መነጋገራቸውን አይተዉም።

ዋይፋዩ ከአዳራሹ ግቢና ከደጁ ብዙም አያልፍም፤ ይህን ለአባላቱ ቀድመው ካልነገሩ ቅሬታ ይመጣል። በተቋረጠ ዕለት ሰው በዕድሩ ደጅ ሲያልፍ ስልኩ መልእክቱን ይቀበላል፤ ቤቱ ሲገባ ለጎረቤቱ ይነግራል። ክልሉን ለማስፋት አንቴና ተክሎ ውኃ ለውኃ እስከ ዘጌ መድረስ ይቻላል ብሎ የተከራከረ መሐንዲስ በመካከላችን አለ። በጠፍጣፋ ውኃ ላይ የሚሄድ ሞገድ ከውኃው ገጽ እየተንጸባረቀ ራሱን እንደሚያዳክምና ነገሩም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ካስረዳነው በኋላም ተስፋ አልቆረጠም። ለጊዜው ግን ከዚያ እንዲታቀቡ እመክራለሁ።

በስልኮቹ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ለአንድሮይድ ኮንቨርሴሽንስ፣ ለአይፎን ሞናል ነው። ኮንቨርሴሽንስ ኤፍድሮይድ በተባለው የመተግበሪያ ማከማቻ በነጻ ይገኛል። በአብዛኛው ጊዜያችንን የበላው ሰርቨሩ ሳይሆን እዚህ ያለው ነው። ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከበስተጀርባ ያለውን መተግበሪያ ስለሚገድሉ መልእክቱ የሚታየው ባለቤቱ ሲከፍተው ብቻ ይሆናል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለሚላክ የሞት መልእክት ይህ አይሆንም። በየስልኩ ቅንብር ገብተው መተግበሪያውን ከባትሪ ቁጠባ ነጻ ያድርጉት። በተጨማሪም አንድሮይድ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ራሱን ሊያላቅቅ ይፈልጋል፤ ጥያቄው ሲመጣ ግንኙነቱ ይቀጥል የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሁለት ወጣቶችን መድበው፣ አባላቱ መዋጮ ለመክፈል በሚመጡበት ቀን በጸሐፊው ጠረጴዛ አጠገብ ስልካቸውን እየተቀበሉ ያስተካክሉ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይቀጥላል፤ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ስለሆነ የሟችን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ብቻ ይጻፉ።

መልእክቱ ይመስጠር ወይስ አይመስጠር የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ ረጅም ነበር። ኦሜሞ በተባለው ዘዴ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ መልእክት ለሰርቨሩ ኃላፊ እንኳ አይገለጥም፤ ነገር ግን ስልኩ የጠፋበት ሰው የቀድሞውን መልእክት በአዲስ ስልክ ማንበብ አይችልም። እኛ የጥሪ ግሩፑን ሳይመሰጠር ትተን፣ ስለታመመ ወይም ስለተቸገረ አባል የሚነጋገረውን የኮሚቴ ግሩፕ መስጥረነዋል።

አደባባዩ

ከዕድሩ ውጭ ካለው ዓለም ጋር ለመነጋገር፣ ለምሳሌ ስለ ጣናና ስለ እምቦጭ ለመጻፍ ለሚፈልጉ ማስቶዶን ይመቻል፤ የራስዎን የማስቶዶን ሰርቨር ማቆም ግን አልመክርም፤ ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጣው ፎቶና ቪዲዮ ዲስኩን ቶሎ ይሞላዋል። ሌሎች ካቆሟቸው ሰርቨሮች አንዱን መርጠው ይግቡ። በማስቶዶን ይፋዊ ዝርዝር ላይ የሚገኙ ሰርቨሮች በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ፣ ከኃላፊው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው በአስቸኳይ ጊዜ መግባት እንዲችል ለማድረግና ከመዝጋታቸው 3 ወር ቀደም ብለው ለማሳወቅ ቃል የገቡ ናቸው። ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዛወሩ ተከታዮችዎ አብረው ይሄዳሉ፤ የጻፏቸው ጽሑፎች ግን ባሉበት ይቀራሉ፤ ስለዚህ ዋጋ ያለውን ጽሑፍ በራስዎ ፋይል ውስጥም ያኑሩት። በማስቶዶን ለአንድ ሰው ብቻ የሚላክ መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ ስላልሆነ የሰርቨሩ ኃላፊ ሊያነበው እንደሚችል አይርሱ። የአንድ ጽሑፍ ልክ በተለምዶ 500 ፊደል ነው፤ በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ፣ በዚህ ልክ ከላቲን ጸሐፊዎች ይልቅ ብዙ ማለት እንችላለን።

ቁልፉና ቅጂው

ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ እንደማይከፈት ሁሉ የሰርቨሩም ዋና የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ በገንዘብ ያዡ ሳጥን ይቀመጥ፤ ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ቃሉ ተለውጦ እንደገና ይታሸግ። መጠባበቂያ ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ በሰርቨሩ፣ ሁለተኛው በጸሐፊው ቤት፣ ሦስተኛው ከከተማው ውጭ። የጣና ገዳማት መጻሕፍት በየደሴቱ መቀመጣቸው አንዱ ቦታ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ረድቷል፤ የእኛም ሦስተኛ ቅጂ ተመስጥሮ በፍላሽ በየወሩ በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገራል። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በዓመት አንድ ጊዜ በባዶ ማሽን ላይ መልሰው ይሞክሩት።

ሰርቨር የሚያቆም ማኅበር ሕግንም ማወቅ አለበት። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ ሲደርሰው የተከለከለውን ይዘት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ያዝዛል፤ የአባላትን ስምና ስልክ የሚይዝም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሊያነብ ይገባል። ስለዚህ ግሩፑን የሚቆጣጠር አንድ ሰው በደንቡ ይሰየም፤ ለዕድሩ ሥራ የማያስፈልግ መረጃም ከመጀመሪያው አይሰብሰብ።

የቀድሞውን ግሩፕ ቶሎ አይዝጉት። ቢያንስ አንድ ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ፤ በቀድሞው ላይ የሚለጠፈው ግን ጥሪውና የአዲሱ መስመር አድራሻ ብቻ ይሁን። በየወሩ ስብሰባ ደግሞ ጸሎቱ እንዳለቀ የኢንተርኔቱን ኬብል ከራውተሩ ላይ ይንቀሉና ዳኛው ከመድረኩ አንድ የሙከራ መልእክት ይላኩ። ስልኩ ያልጮኸለት ሰው ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ይመጣል፤ ጸሐፊውም ምክንያቱን በመዝገብ ጽፎ ለወጣቶቹ ያስተላልፋል፤ ኬብሉ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።